ከድጡ ወደ ማጡ፤ የክረምት ቁልቁለትና መኪና

“ከድጡ ወደ ማጡ” የሚለውን አነጋገር ሳትሰሙ ያደጋችሁ አትመስሉኝም። ሰው ከአንድ ችግር ሸሽቶ ከባሰው ላይ ሲወድቅ ይነገራል። አነጋገሩን በዘይቤነቱ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ድጥ ምን እንደ ሆነ፣ ማጥስ ምን እንደ ሆነ፣ ልዩነታቸውም ከምን እንደሚመነጭ ቆም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። ድጥ ላዩ ብቻ የራሰ፣ ከሥሩ ግን ጠንካራ የሆነ አንሸራታች መሬት ነው። ማጥ ደግሞ ውሃ እስከ ውስጡ ድረስ የጠጣና የረገጠውን ሁሉ የሚውጥ መሬት ነው። ድጥ ላይ የወጣ ነገር መቆም ያቅተዋል፤ ማጥ ውስጥ የገባ ነገር ደግሞ መንቀሳቀስ ያቅተዋል።

የገጠር ሰው ይህን ልዩነት በእግሩ ጠንቅቆ ያውቀዋል። በክረምት ቁልቁለት ሲወርድ እርምጃውን ያሳጥራል፤ ጉልበቱን በመጠኑ ያጥፋል፤ በበትሩ መሬቱን አስቀድሞ ይፈትናል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ በድንገት ለመቆም አይሞክርም። በድጥ ላይ ሮጦ በድንገት ልቁም ያለ ሰው ምን እንደሚደርስበት ከእናንተ መካከል ያልቀመሰው ያለ አይመስለኝም። በዚህ ምንባብ የምንመለከተው ይኸው ነገር በመኪና ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስልና ምክንያቱም ምን እንደ ሆነ ነው። ለማስረጃ የማቀርብላችሁም በነሐሴ ወር 1987 ዓ.ም. በሊማሊሞ ቁልቁለት ራሴ ያየሁትን ነው።

ሊማሊሞ በሰሜን ጎንደር ከደባርቅ ከተማ አለፍ ብሎ የሚገኝ ገደላማ ቁልቁለት ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ስትሆን፣ መንገዱ ከእርሷ ተነሥቶ በስሜን ተራሮች ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል፤ ከዚያም በአዲ አርቃይ አልፎ፣ ተከዜን ተሻግሮ፣ ወደ ሽሬና ወደ አክሱም ይሄዳል። ይህን መንገድ በተራራው ላይ የቀደዱት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን ወርረው በያዙበት ጊዜ ጣሊያኖች ናቸው። ስለ መኪና ስንነጋገር ጎማ፣ ጋቢና፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ እያልን የምንጠቀምባቸው ቃላትም የመጡት ከጣሊያንኛ መሆኑን በዚህ አጋጣሚ ልብ በሉ። ባለቤቶቹ ሲሄዱ መንገዱና ቃላቱ ቀርተውልናል። እኔ ባለፍሁበት ጊዜ መንገዱ አስፋልት አልነበረውም፤ ጠጠር የለበሰ ነበር። ጠጠሩም በክረምቱ ጎርፍ ታጥቦ በየቦታው ሸክላ አፈሩ ብቻ ቀርቶ ነበር። በአንዱ ወገን ተራራው፣ በሌላው ወገን ገደሉ ነው፤ በተራራው በኩል ከላይ የሚወርደውን ውሃ የሚቀበል ቦይ ተቆፍሯል። ይህን ቦይ አትርሱት።

ያን ጊዜ በአዲ አርቃይ በኩል አስተማሪ ነበርሁ። ትምህርት ሊከፈት ጥቂት ሳምንት ስለ ቀረው ከጎንደር ወደ ሥራዬ ስመለስ፣ ደባርቅ ላይ የአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋቢናቸው ውስጥ አሳፈሩኝ። ሹፌሩ ሸምገል ያሉ፣ ንግግር የማያበዙ ሰው ነበሩ። መኪናው አሮጌ ነው፤ 60 ኩንታል እህል ጭኗል። በመካከላችን ሕፃን ልጇን የታቀፈች አንዲት ሴት ተቀምጣለች፤ ረዳቱ ከላይ፣ ከጆንያዎቹ ላይ ነው። ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቀን ስንነሣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። “ጋሼ፣ ሳይመሽ ዛሪማ ብንገባ መልካም ነው፤ ትንሽ ፈጠን ቢሉ” ያልሁት እኔ ነኝ። ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥቂት እንደ ወረድን ጉም ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ዋጠን። ሹፌሩ ረጅሙን መብራት አጥፍተው አጭሩን አበሩ። ጉም ውስጥ ረጅም መብራት ይበልጥ የሚያሳይ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ጉም ማለት በአየር ላይ የተንሳፈፈ እጅግ ደቃቅ የውሃ ጠብታ ስለ ሆነ፣ ወደ ፊት የተወረወረው ብርሃን ከጠብታዎቹ ላይ እየነጠረ ወደ ነጂው ዓይን ይመለሳል። በዚህ ጊዜ ነጂው መንገዱን ሳይሆን ነጭ ግድግዳ ያያል። አጭሩ መብራት ግን ወደ መሬት ስለሚያዘነብል ቢያንስ ከፊት ያለውን ጥቂት ሜትር ያሳያል።

ማርሹ ሦስተኛ ነበር። ሦስተኛ ማርሽ ለዚያ ቁልቁለት ይፈጥናል፤ ስለዚህ ሹፌሩ በየመታጠፊያው ብቻ ሳይሆን ቀጥ ባለውም ሥፍራ ሁሉ ፍሬን እንደ ረገጡ ነበር የሚወርዱት። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደ ሄድን የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ለሴቲቱም ሸቷት ኖሮ “አባቴ፣ የሚቃጠል ነገር አለ” አለች። ሹፌሩ አልመለሱላትም። እግራቸው ፍሬኑን ረግጦ ነበር፤ መኪናው ግን ፍጥነቱን አልቀነሰም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ገታ አድርገን አንድ ነገር እንመርምር። እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ በቋንቋችን “መኪናው ፍሬን በጠሰ” ይባላል። ዓረፍተ ነገሩን በሰዋስው ዓይን ተመልከቱት። ባለቤቱ መኪናው፣ ተሳቢው ፍሬን፣ ግሡም በጠሰ ነው። እንደ አነጋገሩ ከሆነ መኪናው ገመዱን በጥሶ እንዳመለጠ በሬ ነው ማለት ነው። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ሹፌር የለም፤ “ፈጠን ይበሉ” ያለ ተሳፋሪም የለም። አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ከከብት ጋር በኖረ ሕዝብ አፍ የተፈጠረ መሆኑም ያስታውቃል። ነገር ግን የሆነውን ነገር አይናገርም። እርግጥ የፍሬን ዘይት ወይም አየር የሚያስተላልፈው ቱቦ በእውነት የሚበጠስበት ጊዜ አለ። በረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ምንም ነገር ሳይበጠስ ነው።

በዚያ ዓይነት መኪና ጎማ ውስጥ ከጎማው ጋር አብሮ የሚሽከረከር የብረት ከበሮ አለ። ነጂው ፍሬን ሲረግጥ የፍሬን ሸራ የሚባለው ነገር ከከበሮው ጋር ይተሻሻል፤ በመካከላቸውም ሰበቃ ይፈጠራል። ይህ ሰበቃ የመኪናውን እንቅስቃሴ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። እንግዲህ ፍሬን እንቅስቃሴን አያጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል እንጂ። ሙቀቱም መሄጃ ያስፈልገዋል። በሜዳ ላይ አንድ ጊዜ ፍሬን ተረግጦ ቢለቀቅ ከበሮው ሙቀቱን ለነፋስ ሰጥቶ ይበርዳል። በቁልቁለት ላይ ግን ተራራው ያለማቋረጥ ይገፋል፤ ፍሬኑም ያለማቋረጥ ይግላል።

የሙቀቱን ብዛት ለመገመት ያህል ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። መኪናው ከነጭነቱ 12 ቶን ይመዝናል እንበል። ይህ መኪና በሞተሩ ሳይታገዝ በፍሬን ብቻ እየተያዘ 1,000 ሜትር ወደ ታች ቢወርድ፣ የመንገዱን ርዝመት ሳይሆን የከፍታውን ልዩነት ማለቴ ነው፣ በፍሬኑ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት 350 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። በሃያ ሊትር ጀሪካን ቢሰፈር ከአሥራ ሰባት ጀሪካን በላይ መሆኑ ነው። ይህን ሁሉ ሙቀት የሚሸከሙት ከየጎማው ውስጥ ያሉት ጥቂት ቁራጭ ሸራዎችና ከበሮዎች ናቸው። ሸራው ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ከበሮውም ሲግል ስለሚሰፋ ከሸራው ይርቃል። ነጂው የሚረግጠው ፍሬን በቦታው አለ፤ የሚይዘው ግን የለም።

ስለዚህ ቁልቁለት የሚወረድበት ዋናው ፍሬን ሞተሩ ራሱ ነው። ማርሽ ገብቶ ነዳጅ ሳይሰጥ ሲቀር ሞተሩ ጎማዎቹን መግፋቱን ትቶ በጎማዎቹ ይገፋል። መገፋቱንም ስለማይወድ ይጎትታቸዋል። ማርሹ ባነሰ መጠን ሞተሩ ለአንድ የጎማ ዙር ብዙ ጊዜ መዞር ስላለበት የሚይዘውም በዚያው መጠን ጠንክሮ ነው። ሙቀቱም በአንድ ቦታ አይጠራቀምም፤ በሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃና በጭስ ማውጫው በኩል ይወጣል። የጥንት ሹፌሮች “አቀበቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ” እያሉ ረዳቶቻቸውን የሚያስተምሩት በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ይህ ማርሽ መግባት ያለበት ከቁልቁለቱ አናት ላይ፣ መኪናው ገና ዝግ ብሎ ሳለ ነው።

የእኛ ሹፌር ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ዘመን መሪ የያዙ ሰው ናቸው። ፍሬኑ አልይዝ ሲል ወዲያው ወደ ሁለተኛ ማርሽ ለመውረድ ፍሪሲዮን ረገጡ፤ ሦስተኛውን አወጡ፤ ሁለተኛውን ሲገፉት ግን ጥርሱ ተንገጫግጮ እምቢ አለ። የአሮጌ መኪና ማርሽ ጥርሶች የሚያያዙት ፍጥነታቸው ሲመጣጠን ብቻ ነው። ሞተሩ ዝግ ብሎ፣ ጎማዎቹ ግን ፈጥነው ሲዞሩ ጥርሶቹ ይጋጫሉ እንጂ አይያያዙም። በዚያች ቅጽበት መኪናው በሦስተኛም በሁለተኛም ማርሽ አልነበረም። ያ ሁሉ ብረትና እህል ከሞተሩ ተላቅቆ፣ ፍሬኑ ግሎ፣ በጉም ውስጥ ቁልቁል መንከባለል ጀመረ። የሞተሩ ጩኸት ጠፋ። የሚሰማው ጎማው ጠጠሩን ሲፈጨውና ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ ሲያፏጭ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ሁሉ እስከ ዛሬ በጆሮዬ የቀረው ያ ጸጥታ ነው። “እመቤቴ!” አለች ሴቲቱ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ሹፌሩ ነዳጅ ሰጡ። በቁልቁለት ለሚንደረደር መኪና ነዳጅ መስጠት ለማያውቀው ሰው እብደት ይመስላል፤ ለእኔም መስሎኝ ነበር። ነገሩ ግን ሞተሩን አስጩኸው ፍጥነቱን ከጎማዎቹ ፍጥነት ጋር ለማስተካከል ነበር። እንደ ገና ፍሪሲዮን ረግጠው ማርሹን ገፉት። ገባ። መኪናው ከኋላው አንድ ሰው ጨምድዶ እንደ ያዘው ሁሉ ተንገራገጨ፤ እኛም ወደ ፊት ተደፋን። መትረፋችን ነው ስል መንገዱ ጠጠሩን ጨርሶ ከሸክላው ላይ አወጣን።

አሁን ከድጡ ደረስን። ሸክላ አፈር እጅግ ደቃቅ ከሆኑ፣ እንደ ቅጠል ከሳሱ ቅንጣቶች የተሠራ ነው። ሲደርቅ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ሲርስ ግን በቅንጣቶቹ መካከል የገባው ውሃ አንዱን በሌላው ላይ ያንሸራትተዋል። ጎማ መሬቱን የሚቆነጥጥበት ጥርስ አለው፤ ነገር ግን ጥርሱ በጭቃ ከተሞላ በኋላ ሸክላው የሚነካው ሸክላን እንጂ ጎማን አይደለም።

የዚህን ትርጉም በቁጥር ብታዩት ይሻላል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በደረቅና በደህና መንገድ ላይ ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ 9 ሜትር ያህል ሄዶ ሊቆም ይችላል። የመሬቱ ሰበቃ ወደ ሦስት ተኩል እጅ ያህል በሚቀንስበት ጭቃ ላይ ግን 31 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ጭቃው በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት ላይ ቢሆን ደግሞ ከ50 ሜትር በላይ ይሄዳል። ነጂው አደጋውን አይቶ እግሩን እስኪያነሣ የሚያልፈው አንድ ሰከንድ ከዚህ ውስጥ አልተቆጠረም፤ በዚያች ሰከንድ መኪናው 11 ሜትር ይጓዛል። ፍጥነቱ በግማሽ ቢቀንስ ግን ርቀቱ ወደ ግማሽ ሳይሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። የዝግታን ጥቅም ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር አላውቅም።

ሞተሩ በድንገት የያዛቸው የኋላ ጎማዎች በሸክላው ላይ ከመኪናው ፍጥነት ጋር እኩል መሽከርከር አልቻሉም፤ ተንሸራተቱ። የመኪናው ጀርባ ወደ ቀኝ፣ ገደሉ ወዳለበት ወገን፣ ይዞር ጀመር። እኔ “ፍሬን! ፍሬን ይያዙ!” ብዬ ጮኽሁ። ሹፌሩ ፍሬኑን አልነኩትም። ፍሪሲዮን ረግጠው የኋላ ጎማዎቹን ከሞተሩ ለቀቋቸው፤ መሪውንም ወደ ቀኝ፣ ወደ ገደሉ፣ አዞሩ። በዚያች ሰዓት ሰውየው ያበዱ መሰለኝ።

ሁለቱን ነገሮች በየተራ እንያቸው። ፍሬኑ ግሎ ደክሟል ብለናል። ታዲያ የደከመ ፍሬን ቢረገጥ ምን ይጎዳል? በጠጠሩ ላይ ያ ፍሬን መኪናውን ለመያዝ አልበቃም ነበር። በድጡ ላይ ግን ያው የደከመ ፍሬን ጎማዎቹን ፈጽሞ ለማቆም ሊበቃ፣ እንዲያውም ሊተርፍ ይችላል። ድጥ ጎማውን እያሽከረከረ የሚያቆየው በትንሽ ኃይል ስለ ሆነ፣ ትንሽ ፍሬን ይቆልፈዋል። ጎማ የሚታዘዘው ሲሽከረከር ነው። የሚሽከረከር ጎማ መሬቱን በነካበት ነጥብ ላይ ለቅጽበት ቆሞ ይቆነጥጣል፤ ስለዚህ መሪው ወዳዞረው አቅጣጫ ይሄዳል። የተቆለፈ ጎማ ግን እንደ ተጎተተ ግንድ ነው። ግንድ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ብታዞሩት የሚሄደው ወደ ተገፋበት ነው። መሪው በነጂው እጅ እየዞረ መኪናው ወደ ፊት ብቻ ይንሸራተታል። ፍርሃት “ፍሬን ርገጥ” ብሎ እግርን የሚያዘው፣ እግሩም ሳያስብ የሚታዘዘው፣ ልክ መሪው እጅግ በሚያስፈልግበት ጊዜ መሆኑ ነው ክፋቱ።

መሪው ወደ ገደሉ የዞረበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ጀርባው ወደ ቀኝ ሲሄድ የመኪናው አፍንጫ ወደ ግራ ይዞራል፤ ነጂው ምንም ካላደረገ መኪናው መንገዱን አቋርጦ በጎኑ ይንሸራተታል። መሪው ጀርባው ወደ ሄደበት ወገን ሲዞር ግን የፊት ጎማዎች አፍንጫውን መልሰው ከጀርባው ፊት ያመጡታል። መኪናው ቀጥ ሲል መሪውም ወዲያውኑ መመለስ አለበት፤ ቢዘገይ ጀርባው ወደ ተቃራኒው ወገን ይወረወራል። ይህን ማስረዳት ብዙ መስመር ወሰደብኝ፤ ሹፌሩ ያደረጉት ግን በሁለት ሰከንድ ውስጥ ነበር።

ባሕር ማዶ፣ በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ዘመዶች ካሏችሁ ስለ ክረምት መንገድ ሲያወሩ ሰምታችሁ ይሆናል። እነርሱ ክረምት የሚሉት በታኅሣሥና በጥር፣ በእኛ በጋ ላይ የሚውለውን የበረዶ ወራት ነው። በዚያ ጭቃው አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው አስፋልቱን እንደ ብርጭቆ የሚሸፍነው ስስ በረዶ ነው፤ እርሱም ውሃ ይመስላል ወይም ከነጭራሹ አይታይም። የዚህ በረዶ ሰበቃ ከደረቅ አስፋልት ሰበቃ አንድ ሰባተኛ ያህል ነው። መሬቱ ይለያይ እንጂ ሕጉ ያው ነው። ዛሬ በሚሠሩ ብዙ መኪኖች ላይ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል መሣሪያ ተገጥሟል፤ ነጂው በድንጋጤ ፍሬኑን ረግጦ ቢደርቅም መሣሪያው በአንድ ሰከንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ ፍሬኑን እየለቀቀ መልሶ ይይዘዋል። የሰውን ድንጋጤ አስቀድሞ አስቦ የተሠራ ነገር ነው። በእኛ መኪና ላይ እንዲህ ያለ መሣሪያ አልነበረም፤ የነበሩት ሽማግሌው ብቻ ናቸው።

መኪናው ቀጥ አለ። ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን በዝግታ ለቀቁ፤ ሞተሩም በሁለተኛ ማርሽ እየጮኸ መያዝ ጀመረ። ነገር ግን ከፊታችን፣ በጉሙ ውስጥ፣ የመታጠፊያው ነጭ ድንጋዮች ታዩ። በዚያ ፍጥነት ያን መታጠፊያ ማለፍ አይቻልም ነበር። ሹፌሩ መሪውን ወደ ግራ፣ ወደ ተራራው፣ ጥቂት በጥቂት አዞሩና የግራ ጎማዎቹን አትርሱት ካልኋችሁ ቦይ ውስጥ አስገቧቸው።

ቦዩ ከሰኔ ጀምሮ የወረደውን ደለልና ውሃ አጠራቅሞ ማጥ ሆኗል። ጎማዎቹ እስከ ወገባቸው ሰጠሙ፤ ጭቃው እየተገፋ ከመስታወቱ በላይ ተረጨ፤ የጋቢናው ጎን ከተራራው አፈር ጋር እየተፋጨ ሄደ። ከዚያም ቆምን። በጭቃ ውስጥ የገባ ጎማ ወደ ፊት ለመሄድ ከፊቱ ያለውን ጭቃ ሁሉ መግፋት፣ ማንሣትና ወደ ጎን መጣል ይኖርበታል፤ የመኪናው ጉልበት በዚህ ሥራ ያልቃል። በሌሎች አገሮች በረጃጅም የተራራ መንገዶች ዳር ልቅ ጠጠር በጥልቅ የተሞላበት መውጫ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ፍሬን ያቃታቸውን የጭነት መኪናዎች ለማቆም ነው። መሐንዲሶች በገንዘብ የሚያሠሩትን ማጥ እኛ ክረምቱ በነጻ ሠርቶልን አገኘነው። በተረቱ ከድጥ ወደ ማጥ መግባት ክፉ ነገር ነው፤ በዚያ ቀን ግን ከድጡ ያወጣን ማጡ ነበር።

“አንተ ልጅ! ታኮ!” ብለው ሹፌሩ ወደ ላይ ጮኹ። ረዳቱ ጆንያዎቹን ተቆናጥጦ ተርፎ ኖሮ ወርዶ ከጎማዎቹ ፊት ድንጋይ አደረገ። ሕፃኑ አላለቀሰም ነበር፤ ማልቀስ የጀመረው ከቆምን በኋላ ነው። ሌሊቱን እዚያው ጋቢና ውስጥ፣ በአንድ ጋቢ ሦስት ሰው ሆነን አደርን።

በማግሥቱ ጠዋት ጉሙ ሲገፈፍ ከቀኝ ጎማችን እስከ ገደሉ ጫፍ ያለውን ርቀት በእርምጃዬ ለካሁት፤ አራት እርምጃ ነበር። ወደ ላይ የሚወጣ ሌላ የጭነት መኪና ደርሶ ግማሹን እህል አውርደን በገመድ ጎተተን። ከዚያ በፊት ግን ሹፌሩ አንዱን ጎማ ፈትተው የፍሬኑን ሸራ አሳዩኝ። ሸራው አልተሰበረም፤ ቱቦውም አልተበጠሰም። ገጹ ብቻ ከመጋል የተነሣ ደርቆ እንደ ብርጭቆ ያብለጨልጭ ነበር። ሽማግሌው በጣታቸው አሹት፤ በአሸዋ ወረቀት ገጹን ፋቅ ፋቅ አደረጉት። “የያዝሁት ማርሽ ነው እንጂ እርሱስ ምን አደረገ?” አሉ። እኔን ግን አላነሡም። ከአናቱ ላይ፣ ገና ከደባርቅ ስንወጣ፣ እጃቸው ወደ ሁለተኛ ማርሽ ሲሄድ አይቼ ነበር፤ እጃቸውን የመለሱት እኔ ከተናገርሁ በኋላ ነው።

የቀረውን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ፣ አልፎ አልፎም በአንደኛ፣ ፍሬኑን ጥቂት ረግጠው ረጅም ጊዜ እየለቀቁ ወረዱት። ሰው በእግሩ ሊቀድመን ይችል ነበር። ማንም ፈጠን ይበሉ አላለም። ዛሪማ ስንደርስ ሰዎች ጭቃ የለበሰውን መኪና ከበው፣ “ምን ሆናችሁ ነው ከመንገድ ያደራችሁት?” ሲሉ ጠየቁን።

“ፍሬን በጠሰብን” አሉ ሹፌሩ። ከዚያም ወደ እኔ ዘወር ብለው ተመለከቱኝ።

“አዎ፣ በጠሰብን” አልሁ።